ሁሉም ንጉሥ፣ ሁሉም እቴጌ፤ ውሃውን ማን ይሸከም?

ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ፓርላማም፣ ስለ ዶላር ምንዛሪም አይደለም የማወጋችሁ። ስለ አንዲት የወረቀት እንስራ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? የአገሩ ጉዳይ አለቀና ስለ እንስራ ይጽፍ ጀመር?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። እንስራዋ ራሷ የአገር ጉዳይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በመገናኛ ደብተሯ ውስጥ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «የተከበራችሁ ወላጆች» ብሎ ይጀምራል። ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ «የተከበራችሁ» ብሎ የጀመረ ወረቀት ገንዘብ ሳይጠይቅ አያልቅም። 129ኛው የአድዋ ድል በዓል እሑድ ስለሚውል ትምህርት ቤቱ ዓርብ የካቲት 21 ቀን ያከብራል። ተማሪዎች በሙሉ «የአድዋ ጀግኖችን አለባበስ» ለብሰው ይምጡ። ልብስ ለማያገኙ ትምህርት ቤቱ ከአንድ አከራይ ጋር ተነጋግሯል። የአንድ ቀን ኪራይ ይህን ያህል፣ ማስያዣ ይህን ያህል፣ የፎቶ ይህን ያህል። ደምሬ ሳየው የቤታችንን የአሥራ አምስት ቀን አስቤዛ ያህላል!

ለነገሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኅዳር 29 ሲመጣ ደግሞ «የብሔር ብሔረሰቦች አለባበስ» እንባላለን። ያ በዓል ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ እየተከበረ ነው። ኅዳር ላይ በብሔር፣ የካቲት ላይ በጀግና ልበሱ። ልጆቻችን ልብስ ሲቀያይሩ ይከርማሉ፤ እኛ ወላጆች ደግሞ በአንዲት ኮት ዓመት እንገፋለን።

እውነቱን ልናገርና፣ «ልብሱን እቤት እሠራዋለሁ» ብዬ የተነሳሁት በታሪክ ፍቅር ተቃጥዬ አይደለም። በኪስ ድርቀት ነው።

ልጄን ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት።

«ጣይቱ!»

«ከክፍልሽ ስንት ሰው ነው ጣይቱ የሚሆነው?»

በጣቷ ቆጠረች። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ።

«ወንዶቹስ?»

«ምኒልክ አሥራ አራት፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ሦስት፣ ራስ አሉላ ሁለት።» ፊታውራሪ ገበየሁን ማንም አልፈለገውም አሉ፤ «እሱ እኮ ይሞታል» ተብሎ። ጣሊያን መሆን ደግሞ ሁሉም እምቢ ስላለ ቲቸሯ ዕጣ አወጡ። ባራቲየሪ የደረሰው ልጅ አለቀሰ።

«ተራው ዘማችስ?» አልኳት።

«እሱ የለም» አለችኝ። «ዘማች ልብስ የለውማ!»

ልጅቷ ልክ ናት። አከራዩ ዘንድ የዘማች ልብስ የለም። እንግዲህ አስቡት፤ አሥራ አራት ምኒልክ፣ አሥራ አንድ ጣይቱ፣ አንድ የሚያለቅስ ባራቲየሪ፣ አንድም ዘማች የለም። እንዲህ ያለ ጦር እንኳን አድዋ፣ እንኳን ወረ ኢሉ፣ ኮተቤንም አያልፍ!

ዋጋ ለማየት ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ካባው ተሰቅሏል፣ በወርቃማ ወረቀት የተለበጠ ዘውድ ተደርድሯል፣ ከቃጫ የተሠራ ጎፈር አለ። «ለማን ነው ጋሼ? ለምኒልክ ነው ለጣይቱ?» አለችኝ ሻጯ። «ለተራ ዘማች» አልኳት። ሳቀች። «እሱን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች።

ባዶ እጄን ተመልሼ ነገሩን ማታ እራት ላይ እንደ ቀልድ ሳወራ፣ እናቴ ከጥግ ሆና፣ «የእኔ አያት እኮ አድዋ ዘምታለች» አለች።

ይህን ከዚህ በፊትም ሰምቼው ይሆናል። ግን እንደ ሰማሁት አልነበረም። የዚያን ቀን ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ ስታዳምጥ እኔም አብሬ አዳመጥኩ። የእናቴ አያት ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። ባሏ ሲዘምት ተከተለችው። እሱ ጠመንጃ ያዘ፤ እሷ ቀን እንስራ አዝላ ትሄዳለች፣ ሲሰፈር ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። «ጠፍሩ የበላት ምልክት ትከሻዋ ላይ እስክትሞት አልጠፋም። ‹ይሄ የአድዋ ነው› እያለች ታሳየን ነበር» አለች እናቴ።

«ዘውድ ነበራት እማማ?» አለች ልጄ።

«የምን ዘውድ! ሻሽም አልነበራት!»

«ስሟ ማን ነበር?»

እናቴ ነገረቻት። ልጄ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጠራችው። ወዲያው አልተናገረችም፤ በማግስቱ ጧት ደብተሯን እየያዘች ነው፣ «አባዬ፣ እሷን ልሁን» ያለችኝ።

እስቲ እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ እናስታውስ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነባቸው፤ ኢትዮጵያ ሞግዚት ተደረገላት ማለት ነው። ጦሩ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሳ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ድል ሆነ። ጥር ላይ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር፣ በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ ውሃው ተይዞበት ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን ደግሞ አድዋ!

ከአዲስ አበባ አድዋ በዛሬው የመኪና መንገድ እንኳ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያኔ አምስት ወር ያህል የፈጀ፣ አብዛኛው በእግር የተኬደ ጉዞ ነው። የዘመተው ሕዝብ ወደ 100 ሺህ ይገመታል። እንደ ዛሬ ራሽን በመኪና የሚያደርስ ክፍል የለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን በላ? ማን ፈጨለት? ማን ጋገረለት? አጋሰሱን ማን ነዳ? በውጊያው ቀን ለቆሰለውና ለተጠማው ውሃ ያደረሱት በሰፈሩ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ አሰማሪዋ ራሳቸው እቴጌይቱ። ጣይቱ ትልቅ የሆኑት ዘውድ ስለጫኑ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ስላወቁ ነው። መቀሌ ላይ ለጠላት ከለከሉት፣ አድዋ ላይ ለወገን አስቀዱት። ታዲያ የእኛ አሥራ አንድ ጣይቱዎች አንድም ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው ሳይኖር ምኗን ጣይቱ ሆኑ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ባለቤቴ ሐሳቡን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «በዚያ ሁሉ ዘውድ መሐል ልጄ ቡትቶ ለብሳ ልትቆም? ሰው ‹አጥተው ነው› አይልም?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? አጥተን ነዋ! ዝም አልኩ። መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። «አድዋ የሄዱትስ መቼ ሞልቷቸው ነው?» አለች። ባለቤቴ እሷም ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታ ተነስታ መቀስ አመጣች።

ለቀሚሱ የእናቴን ያረጀ ጋቢ ቆረጥን። በጣም እንዳይነጣ በሻይ ቅጠል ዘፍዝፈን አሳደርነው። መቀነቱን እናቴ ከራሷ ወገብ ፈታ ሰጠች። ዋናው ሥራ እንስራው ነበር። የሸክላ እንዳናዝላት ይከብዳታል፤ ብትወድቅም ይሰበርና ይቆርጣታል። ስለዚህ በወረቀት ልንሠራው ተስማማን። ወላጆች ሊጠቅማችሁ ይችላልና አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ፊኛ ትነፋላችሁ። ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እንደ አጥሚት ቀጠን አድርጋችሁ እሳት ላይ ታማስላላችሁ፤ ሲበርድ ማጣበቂያ ይሆናል። ጋዜጣ በሦስት ጣት ስፋት ቀዳችሁ፣ ማጣበቂያው ውስጥ እየነከራችሁ ፊኛው ላይ ትለጥፋላችሁ። አንዱን ዙር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም። ዙሩ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቡ፤ ይሻግታል። እኛ አራት ዙር በአራት ቀን ጨረስን። ሲደርቅ ፊኛውን በመርፌ ታፈነዳላችሁ። አንገቱንና ጆሮውን ከካርቶን ቆርጣችሁ ታያይዛላችሁ። በመጨረሻ ቀይ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ ከኮላ ጋር ታቦኩና ትቀቡታላችሁ። ማሎ! ከሸክላ የሚለየው የለም።

ጋዜጣው ከየት መጣ? ከአልጋዬ ሥር። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ወዲህ ይወጡ የነበሩ፣ እያነበብኩ ያከማቸኋቸው ሳምንታዊ ጋዜጦች አንድ ካርቶን ሙሉ ነበሩኝ። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። እየቀደድን ስንለጥፍ ልጄ ርዕሶቹን ጮክ ብላ ታነባለች። «አባዬ፣ ይሄ ጋዜጠኛ ታስሮ ነበር፤ ተፈታ?» አለችኝ። «የትኛው?» አልኳት። ወረቀት ቀና አድርጋ ብታሳየኝ፣ ሌላ ነው እንጂ እኔ ያሰብኩት አልነበረም። ታሳሪ ስለበዛ ተምታታብኝ! ቅደጂው ልጄ፣ ለጥፊው፤ ቢያንስ እንስራ ይሁን።

ዓርብ ደረሰ። በሩ ላይ አንዲት መምህርት ዝርዝር ይዘው ቆመዋል። ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት? ማንን ሆና ነው?»

«ዘማች ናት። ውሃ ቀጂ።»

ዝርዝራቸውን ወደ ታች አዩ፤ ገለበጡት። «በፕሮግራማችን ላይ የለችም እኮ።»

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሴት አይደሉም። ደክሟቸዋል። አርባ ልጅ ዘውዱ እየወደቀ፣ ካባው እየተረገጠ ሲያስቸግራቸው ያደረ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ከኋላ ትሰለፍ» አሉ። ልጄ ከኋላ ተሰለፈች፤ ከባራቲየሪ ጎን። ታሪክ ሠሪዋና ተሸናፊው ጄኔራል ጎን ለጎን፣ ከሰልፉ ጭራ!

የክብር እንግዳው ዘገዩ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። የየካቲት ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ወርቃማው ወረቀት ከዘውዱ ላይ ይላጥ ጀመር። የቬሉቱ ካባ እንደ ምድጃ ነው። ከምኒልኮቹ አንዱ ዞር ሲል የልጄን እንስራ አየና፣ «ውሃ ስጪኝ» አላት። ወዲያው ሌላው። ከዚያ ሦስት አራት ጣይቱዎች። ከበቧት። ባራቲየሪም እጁን ዘረጋ።

እንስራዋ ባዶ ናት። የወረቀት ናት። ልጄ ከአጥሩ ጥግ ከወላጆች ጋር ወደ ቆምኩበት ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም።

ማታ እቤት ስንገባ፣ «አባዬ፣ ለምን ውሃ አላደረግክበትም?» አለችኝ።

«የወረቀት ነው እኮ ልጄ። ውሃ ቢገባበት ይፈርሳል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ምን ያደርጋል! እኔ አራት ቀን ሙሉ ስለጥፍ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ከሸክላ የሚለየው የለም ብዬ ስኮራ ነው የከረምኩት። ለካ የሚለየው ዋናው ነገር ነው፤ ውሃ አይዝም!

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የአገር ጉዳይ ያልኳችሁ ይህ ነው። በዓላችን የወረቀት እንስራ ሆኗል። ላዩ ሲያዩት አድዋን ይመስላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ፎከራው አለ፣ ካባው አለ፣ ዘውዱ አለ፤ ለተጠማው የሚደርስ ጠብታ የለም።

እኛ ትልልቆቹስ ስለ አድዋ ስንጣላ በምን ነው የምንጣላው? በዘውዱ ነው። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ጠላት ያደረገውን እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ግን በዚያው በምኒልክ አደባባይ ሊያከብር የወጣ የገዛ ሕዝባችን በአስለቃሽ ጭስ ሲበተን ምን እንበል? አድዋን ሊያስብ የመጣ ሰው በአድዋ ቀን እያለቀሰ ቤቱ ገባ። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ ፒያሳ ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያ መሠራቱን የሚጠላ የለም፤ እኔም ልጄን ይዤ ገብቼ አይቻለሁ። ግን ጠቡ አልቆመም። አንዱ «ንጉሡን ከፍ አድርጉት» ይላል፤ ሌላው «ንጉሡን አታንሱብን» ይላል። ሁለቱም አንገታቸውን ሽቅብ ቀስረው የሚያዩት ያንኑ ዘውድ ነው። ወደ ታች ጎንበስ ብሎ፣ ጠፍር የበላውን ትከሻ ያየ ማን ነው?

ምኒልክና ጣይቱ ስማቸው ይጠራ። የማይጠራበት ምክንያት የለም፤ ያለ እነሱ አድዋን መተረክ ውሸት ነው። ያለ ዘማቹ መተረክም ግን ያው ውሸት ነው። ሥልጣን ላይ ያሉት ይህ እውነት አይመቻቸውም፤ ምክንያቱም ተሸካሚውን ማስታወስ ከጀመርን የዛሬውስ ተሸካሚ እንዴት ነው ማለታችን አይቀርም። ጋን ለጋን ተሸካክመው የሚኖሩ ሰዎችን፣ በቧንቧ ውሃ ሳምንት የሚጠብቁ ሰፈሮችን ልንጠይቅ ነው። ተቃዋሚዎቻችንስ ቢሆኑ ከልጄ ክፍል ምን ይለያቸዋል? ሊቀመንበር የሌለው ፓርቲ አላየሁም፤ ሊቀመንበር ብቻ ያለው ግን ስንት አይቻለሁ! ሁሉም ምኒልክ፣ ሁሉም ጣይቱ። ውሃ ቀጂ ሲባል ወረቀት ይገለበጣል፤ «በፕሮግራማችን የለም»።

ትችት ብቻ ወርውሬ እንዳልሄድ፣ ለትምህርት ቤቶች አንድ ሐሳብ ላዋጣ። የካቲት ሲመጣ የአከራይ ስልክ አትላኩልን። በዚያ ፈንታ ልጆቹን አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት ላኩ፤ «ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ያኔ ሰው እንዴት ይዘምት ነበር? ማን ምን ይሠራ ነበር?» አንዱ አጋሰስ ነጂ ሆኖ ይምጣ፣ ገመድ ብቻ ይበቃዋል። አንዷ ጋጋሪ ትሁን። አንዱ ወጌሻ፣ አንዱ ነጋሪት መቺ፣ አንዱ መስቀል የያዘ ቄስ፣ አንዷ ፈጪ። ምኒልክ አንድ ይበቃል፤ ጣይቱም አንድ። በዕጣ ይውጣ! ያኔ ምኒልክ የሆነው ልጅ ዞር ብሎ ከኋላው ስንት ሰው እንዳለ ያያል። ንጉሥ መሆን ምን ማለት እንደሆነም ያን ጊዜ ይገባዋል። ወላጅም ከአስቤዛው አይቆርጥም።

እንስራዋ አሁንም እቤታችን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ሌላ የካቲት እየመጣ ነው። ልጄ ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች፤ ዘውድ አትፈልግም፣ ካባም አትፈልግም። እናቴ አንዲት ትንሽ የሸክላ እንስራ ልትገዛላት ቃል ገብታለች። ትከብዳለች አልኩ። ልጄ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ትክበድ! ውሃ እኮ ይከብዳል።»

የክብር እንግዶች ሆይ፣ እንደ ልማዳችሁ ብትዘገዩም ዘንድሮ ቢያንስ ከሰልፉ ጭራ ውሃ ይኖራል። እናንተም ከጠማችሁ ጎንበስ ብላችሁ ጠይቋት። አትከለክላችሁም።

ቸር ይግጠመን!